የሚታጠፍ እግር

«እማ ከእንግዲህ የት ትሄዳለች ብለሽ ነው?» አለ ፈሀድ። «ውሎዋ እቤት ነው። የሚታጠፍ ቁርጭምጭሚት ምን ያደርግላታል? አጥንቱን አጣብቀው ይግጠሙላትና ሕመሙ ይልቀቃት። በቃ።»

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምስጢር አይቋጥርም። የልጇ ድምፅ ከሳሎን ሲመጣ ሀሚዳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እግሯ ላይ ካልሲ ለማጥለቅ እየታገለች ነበር። ካልሲው ጣቶቿ ላይ እንደተንጠለጠለ እጇ ቀጥ አለ። የጀነትን መልስ ጠበቀች። ጀነት የፈሀድ ታላቅ ናት፤ መምህርት ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እውነትን ፊት ለፊት በመናገር ቤቱን ስታስቸግር ያደገች። ዛሬ በማለዳ ከባሏ ቤት ከአየር ጤና የመጣችውም እናቷን ሆስፒታል ልታደርስ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ማንኪያ ሲዞር ተሰማ። ቆመ። እንደገና ዞረ። «እውነትህን ነው» አለች ጀነት በመጨረሻ። «ብቻ እኛ ወሰንን እንዳትላት፤ ይከፋታል። ዶክተሩ ነው ያለው በላት።»

ሀሚዳ ካልሲውን አጥልቃ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ ክራንቿን ይዛ ወጣች። ፈሀድ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላት፤ ጀነት ፍርፍሩን ወደ እሷ አስጠጋች። ወትሮ እንዲህ አይሽቀዳደሙላትም። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑና የምግብ ጠረጴዛው ተጨናንቀውበታል። የሚያምረው መስኮቱ ብቻ ነው። ስሱ ነጭ መጋረጃ ከውስጥ፣ ቡናማው ወፍራም ከላይ፣ እጥፋቶቹ አንዱ ካንዱ ሳይበላለጥ እስከ ወለሉ ይወርዳሉ። የሀሚዳ እጅ ሥራ ነው። ከወሎ መጥታ ልደታ ከገባች ጀምሮ፣ ባሏ በሕይወት እያለም ከሞተም በኋላ፣ እነዚህን ልጆች ያሳደገችው መጋረጃ እየሰፋችና በየሰው ቤት እየዞረች እየሰቀለች ነው። እግሯም የተሰበረው እዚያው ሥራ ላይ ነው፤ ሳር ቤት አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ የመጋረጃ ሐዲድ ስትገጥም መሰላሉ ከዳት። በጄሶ ታስሮ ዳነ ተባለ። ከዓመታት በኋላ ግን በአጥንቶቹ መሃል ያለው ለስላሳ ነገር ተፍቆ አለቀና አጥንት ካጥንት መፋጨት ጀመረ። ካለፈው ዓመት ወዲህ መቆም ሲያቅታት ተክለ ሃይማኖት ያለውን ሱቋን ፈሀድ «እስኪሻልሽ» ብሎ አከራየው።

ዶክተሩ ባለፈው ቀጠሮ ሁለት መንገድ እንዳለ ነግሯቸው ነበር። አንደኛው፣ የተበላሸውን አንስቶ በብረትና በፕላስቲክ የተሠራ መገጣጠሚያ መተካት ነው፤ ይህን የሚሠሩት በሚቀጥለው ወር ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ናቸው። ሁለተኛው፣ አጥንቶቹን በብሎን አስሮ እንዲጣበቁ ማድረግ ነው፤ ሕመሙ ይጠፋል፣ ቁርጭምጭሚቱ ግን ከዚያ በኋላ አይታጠፍም። ያን ቀን የጠየቀውም የመለሰውም ፈሀድ ነበር። እሷ አልጋው ላይ እግሯን ዘርግታ የሁለቱን አፍ ስታይ ዋለች። መልስ የሚሰጥበት ቀን ዛሬ ነው።

«ብቻዬን ነው የምሄደው» አለች ሁለቴ ጎርሳ እጇን እየሰበሰበች።

«እንዴት ብቻሽን?» አለች ጀነት። «እኔ ለምን መጣሁ ታዲያ?»

«እቤት ጠብቂኝ።»

ፈሀድ እህቱን አየ። እህቱ ጠረጴዛውን አየች። ሀሚዳ ጫማዋን ለማድረግ ጎንበስ ስትል ጀነት ልትረዳት ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ የእናቷን ፊት አይታ መልሳ ተቀመጠች።

ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። አሳንሰር የለም። ወደ ታች ሲወረድ የታመመው እግር ይቀድማል፣ ደህነኛው ይከተላል፤ ይህን ራሷ ነው ያገኘችው። በያንዳንዱ ደረጃ ቁርጭምጭሚቷ ውስጥ ጠጠር የሚፈጭ ይመስላታል። እያረፈች፣ የደረጃውን ብረት በአንድ እጇ እየያዘች ወረደች። የምታልፋቸውን በሮች በነዋሪዎቻቸው ስም ሳይሆን በመስኮቶቻቸው ነው የምታውቃቸው፤ አረንጓዴ ከፋይ ያሰፋችው መበለት፣ ልጇ ስለሚቀደው በየዓመቱ የምታስቀይረው ነርስ፣ የሰሜኑ ነፋስ ይገባል ብሎ ድርብ ያስደረገው ጡረተኛ። ሁሉም «ሀሚዳ መቼ ትመለሻለሽ?» ማለት ካቆሙ ሰንብተዋል። አሁን የሚሏት «አይዞሽ» ነው። ታች ስትደርስ ላብ አጥምቋት ነበር። ከአጥሩ ወዲያ የልደታ ማርያም ምእመናን ነጠላቸውን እንደለበሱ ከቅዳሴ ይመለሳሉ። አንድ ባለ ላዳ ጠርታ ገባች። ሰውየው ዋጋውን ከፍ አድርጎ ጠራ። ሌላ ጊዜ ብትሆን ትከራከር ነበር። ዛሬ ግን በሩን ዘጋችና «ሂድ» አለችው።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ረጅም ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ በጠዋቱ ሞልተዋል። አንድ ስልሳዎቹን ያለፉ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰው ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት። ባለቤታቸው አጠገባቸው ቦርሳቸውንና ውሃቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሰውየው ጨዋታ ወዳድ ናቸው፤ ቦጂያ እባላለሁ አሉ፣ መንገዶች መሥሪያ ቤት ነበርኩ አሉ፣ ከዚያ ክራንቿን አይተው «የትኛው ነው?» አሏት።

«ቀኙ። ቁርጭምጭሚቴ።»

«ኧረ! እኔም እኮ!» አሉና ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው ካልሲያቸውን ዝቅ አደረጉ። ፊት ለፊቱ ላይ ቀጥ ያለ ጠባሳ አለ። «እነዚያ ከውጭ የሚመጡት ናቸው የሠሩኝ። ለምርመራ ነው የመጣሁት። ተመልከቺማ።» እግራቸውን ወደ ላይ አጠፉት፣ ወደ ታች ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት። እንደ አዲስ በር ድምፅ ሳያሰማ ይንቀሳቀሳል። በኮሪደሩ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እግራቸውን ያይ ጀመር። ሀሚዳም ዓይኗን መንቀል አልቻለችም። የእሷ እንዲህ ከታጠፈ ስንት ጊዜው ነው!

«ያምዎታል?»

«ምንም! ሌሊት ተኝቼ አድራለሁ። ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ግቢ፣ እንደ ልቤ ነኝ።»

«የምን እንደ ልብ ነው?» አሉ ባለቤታቸው እየሳቁ። «የውሃ ጀሪካን እንኳ አላስነሣውም። ገበያውም እኔ፣ ደረጃውም እኔ። እንደ እንቁላል ነው የምንይዘው።»

«ምን አጣሁና?» አሉ አቶ ቦጂያ። «ስሠራ ኖሬያለሁ። አሁን ቁጭ ብዬ ዜናዬን እሰማለሁ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?» ፊታቸው ላይ እውነተኛ እርካታ ይታያል። ሀሚዳ «እንኳን ማረዎት» አለቻቸውና ስሟ ሲጠራ ተነሣች። በሩ ጋ እስክትደርስ ሐሳቧን ቆርጣ ነበር። የሚታጠፈው ነው። የት ትሄዳለች ላላት ልጇ መልሱ ይኸው ነው።

ዶክተር ፊራኦል ወጣት ነው፤ ዓይኑ ሥር እንቅልፍ ያጣ ሰው ጥቁረት አለ። ወንበር ሰጣትና ከኋላዋ ሰው የሚመጣ መስሎት በሩን ተመለከተ።

«ብቻዬን ነኝ» አለችው። «የሚታጠፈውን ነው የምፈልገው።»

«ልጅዎ ትናንት ደውሎ የሚጣበቀውን መርጣለች ብሎኝ ነበር።»

«ልጄ በእኔ እግር ቆሞ አያውቅም።»

ዶክተሩ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ፊቱ ኮስተር አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለፈው እርስዎን አልጠየቅኩም» አላት። «እስቲ አሁን ልጠይቅዎት። ከዳኑ በኋላ ምን ሲያደርጉ ነው ራስዎን የሚያዩት?»

ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። መናገር ስትጀምር ማቆም አቃታት። ጠዋት ሱቅ ትከፍታለች። ጨርቅ ትቆርጣለች፤ መጋረጃ ተቀምጦ አይቆረጥም፣ ቆሞ ነው፣ ጠረጴዛውን እየዞሩ። ጥቅልሉን ከመርካቶ ታመጣለች፤ ተሸካሚ ቢያመጣውም እሷው ናት የምታነሣው፣ የምትዘረጋው። ከሰዓት በኋላ ሰው ቤት ሄዳ መስኮት ትለካለች፤ አዲሶቹ ሕንፃዎች ስምንት፣ ዘጠኝ ፎቅ ናቸው፣ መብራት ሲጠፋ በደረጃ ነው። በመጨረሻም ሥራው አልቆ መጋረጃው ሲሳብና ክፍሉ ሌላ ክፍል ሲመስል የቤቱ ሰው ፊት ላይ የሚታየውን ማየት ትፈልጋለች። ዶክተሩ ሳያቋርጣት ሰማ። ስትጨርስ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«እንግዲያው ልብ ብለው ይስሙኝ» አላት። «ሁለቱም ሕመሙን ያስታግሳሉ። ብረትና ፕላስቲክ የሚገባበት ይታጠፋል፤ አረማመዱም ወደ ድሮው ይቀርባል። ግን ዕቃ ነው፤ ዕቃ ያልቃል። ሸክም በበዛበት፣ ደረጃ በበዛበት ደግሞ ቶሎ ይላላል። ከላላ ማስተካከሉ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ እነዚያ ሐኪሞች ተመልሰው እስኪመጡም ይጠብቃሉ። የተጣበቀው ግን፣ ከያዘ፣ የራስዎ አጥንት ነው። ቀኑን ሙሉ ቢቆሙበት ይችላል። የሚታጠፈውን በአብዛኛው የምንመክረው ረጋ ያለ ኑሮ ለሚኖር ሰው ነው።»

«ረጋ ያለ ማለት?»

«እቤት የሚውል። የማይሸከም። ደረጃ የማያበዛ።»

የአቶ ቦጂያ እግር፣ ያ ድምፅ የሌለው አዲስ በር፣ ሀሚዳ ፊት ድቅን አለ። ውሃ ይዘው የተቀመጡት ባለቤታቸውም። እስከ አሁን የሚታጠፍ እግር ማለት የምትሄድበት እግር ይመስላት ነበር። ለካ እንዲታጠፍላት ከፈለገች ፈሀድ እንዳለው መኖር አለባት። መሄድ ከፈለገች ደግሞ የማይታጠፈውን መቀበል አለባት። ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት፤ ሁለቱንም አላደረገችም።

«የማይታጠፈው ጉዳቱስ? አትደብቀኝ።»

«አልደብቅዎትም። አጥንቱ እስኪይዝ ሳምንታትን በጄሶ፣ እግርዎን መሬት ሳያስነኩ ነው የሚከርሙት። አንዳንዴ አልይዝ ይላል፤ እንደገና ይሠራል። ቁልቁለት ያስቸግራል። ከዓመታት በኋላ ከሥሩ ያሉት መገጣጠሚያዎች የእሱን ሥራ ስለሚሠሩ ሊታመሙ ይችላሉ። መሰላል ደግሞ ለሌላ ሰው ይተዉ፤ እሱን በየትኛውም እግር አልፈቅድልዎትም።»

«ሰላቴስ?» አለች ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «አሁን ወንበር ላይ ነው የምሰግደው። ስድን መሬት ላይ እያልኩ ነው አላህን ስለምን የቆየሁት።»

«ወደ መሬት መውረድ ይችላሉ» አለ ዶክተሩ። «አቀማመጡ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። እግርዎን ወደ ጎን አውጥተው ነው።»

«እናትህ ብትሆንስ? የትኛውን ትሰጣት ነበር?»

«የእኔ እናት በረንዳ ላይ መቀመጥ ነው የምትወደው። የሚታጠፈውን እሰጣት ነበር» አለ ዶክተር ፊራኦል። «እርስዎ ግን እናቴን አይመስሉም።»

እስከ ማምሻው እዚሁ ነኝ፣ አስበው ይደውሉልኝ ብሎ አሰናበታት። ወደ ቤት መሄድ ነበረባት። ታክሲ ውስጥ ስትገባ ግን አፏ ያለው «ተክለ ሃይማኖት» ነው። ከሜክሲኮ በኩል መንገዱ ተጨናንቆ ነበር፤ ሚኒባሶቹ ጥሩምባቸውን ያንባርቃሉ፤ የባንክ ሠራተኞች አንገታቸው ላይ መታወቂያ እንዳንጠለጠሉ ለምሳ ይወጣሉ። ፈሀድም እዚህ ካሉት ሕንፃዎች ባንዱ ነው የሚሠራው። በመስኮቱ ቀና ብላ አየች፤ ሁሉም መስኮት መስታወት ብቻ ነው፣ መጋረጃ የለውም።

ሱቋ ቀለሙ ተቀይሯል። መደርደሪያዎቹ የስልክ ሽፋንና ገመድ ሞልቶባቸዋል። የመቁረጫ ጠረጴዛዋ ግን እዚያው ነው፤ መስታወት ተነጥፎበት ስልኮች ተደርድረውበታል። ተከራዩ ጨዋ ሰው ነው። «ይግቡ እናቴ» ብሎ ወንበር አወጣላት፣ ሻይ ላምጣ አለ። እሷ ቆማ ቀረች። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መቀሷ ለዓመታት የበላውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰች።

«ወደፊት ይሄን ግድግዳ ላፈርሰው ነው» አላት ሰውየው እያሳየ። «ሰፊ ይሆናል። ለፈሀድ ነግሬዋለሁ።»

«ፈሀድ ምን አለ?»

«ለሁልጊዜው ነው፣ እንደፈለግህ አድርገው አለኝ። አልነገረዎትም እንዴ?»

በዚህ መሃል ከጎረቤቱ ሱቅ ማሂ ብቅ አለች። ሀሚዳ ሱቋ እስኪዘጋ ድረስ ልብስ ስፌት መኪናው ላይ የምትሠራላት ማሂ ነበረች፤ አሁን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፋ ሰው ዘንድ ተቀጥራለች። ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወልቅ ሮጣ መጥታ አቀፈቻት። «እትዬ ሀሚዳ! ወላሂ በሕልሜ አየሁሽ። መቼ ነው የምትከፍቺው? እኔ እኮ እዚያ ቀን እየቆጠርኩ ነው ያለሁት» አለቻት። ከዚያ የሰውየውን ፊት አየች፣ የሀሚዳንም ፊት አየች፣ አፏን በእጇ ያዘች። መንገዱ ላይ አንዱ ቦንዳ ልብስ እየጮኸ ይሸጣል። ሀሚዳ እግሯ ይነድዳል። እንዲህ እየነደደ እንኳ ከዚህ ጠረጴዛ አጠገብ መቆሙ እቤት ሶፋው ላይ ከመቀመጥ እንደሚሻላት አወቀች። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ጥግ ይዛ ደወለች።

«ዶክተር፣ ሀሚዳ ነኝ። የማይታጠፈውን።» ትንሽ አዳመጠች። «አዎ። አስቤበታለሁ። ልጄ ስላለ አይደለም።»

ቤት ስትደርስ የአስር ሰላት አዛን ተብሎ ነበር። ጀነት «ምን አሉሽ?» ስትላት «ቆይ ልስገድ» ብላት ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች። ወንበሩን ወደ ግድግዳው ገፋችው። ምንጣፉን መሬት ላይ ዘረጋችና አልጋውን ይዛ ወረደች። በሱጁድ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ስትደፋ ሕመሙ እስከ ጉልበቷ ወጣ። በሰላቱ መጨረሻ ለተሸሁድ ቁጭ ስትል ቀኝ እግሯን አቁማ፣ ጣቶቿን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አጥፋ፣ ግራ እግሯ ላይ ተቀመጠች፤ እናቷ ወሎ ውስጥ በልጅነቷ እንዳስተማረቻት። ቀኝ እግሯ ታጠፈላት። እያቃሰተ፣ እየተፋጨ፣ ግን ታጠፈ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ሲወርድ አልጠረገችውም። ሰላምታውን ሰጥታ ስትጨርስም አልተነሣችም። ይህን አቀማመጥ ደህና ሁን ልትለው ፈልጋ ነበር፤ ምን እንደሚባል ግን አላወቀችም። «ያ አላህ፣ አንተ ታውቃለህ» አለች።

ፈሀድ ከሥራ ሲመለስ ጀነት እራት አቅርባ ነበር። እጁን ታጥቦ እንደተቀመጠ «እሺ እማ፣ ምን ተባለ?» አለ። ድምፁን ቀለል ለማድረግ ቢሞክርም ጭንቀቱ ያስታውቅበታል።

«የማይታጠፈውን ይሠሩልኛል።»

ፈሀድ በረጅሙ ተነፈሰ። «አልሐምዱሊላህ። አየሽ፣ ዶክተሩም እኮ...»

«ዶክተሩን ተወው። ጠዋት የተባባላችሁትን ሰምቻለሁ።»

ጀነት ያነሣችውን ጉርሻ ሳሕኑ ላይ መለሰችው። ከላይኛው ፎቅ ሰው ሲራመድ ይሰማል።

«እቤት የምውል ብሆን ኖሮ ለእኔ የሚበጀው የሚታጠፈው ነበር» አለች ሀሚዳ። አልጮኸችም። «ሂድና ጠይቀው። የማይታጠፈውን የመረጥኩት ልቆምበት ነው። እግሬ ሲጸና ሱቄን እከፍታለሁ። ለሰውየው ንገረው፣ ግድግዳውን እንዳይነካብኝ።»

የፈሀድ ፊት ቀላ። «እማ፣ እኔ እኮ ልትደክሚ አይገባሽም ብዬ ነው። ስንት ዓመት ለፋሽ። በቃ ትረፍ ብዬ...»

«አውቃለሁ። ለክፋት አይደለም። ግን አንድ ቀን እንኳ ምን ትፈልጊያለሽ ብለኸኝ አታውቅም።»

ፈሀድ ስልኩን አንሥቶ ወደ በረንዳው ወጣና በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገው። «ስለ ሱቁ ነበር የደወልኩልህ» ሲል ተሰማ። ከዚያ «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት»።

ጀነት ከወንበሯ ተነሥታ እናቷ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። የእናቷን የቀኝ እግር ካልሲ ቀስ ብላ አወለቀች። ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ቀርባ አይታው አታውቅም።

«የትኛው ጋ ነው የሚያምሽ?» አለች።

ሀሚዳ ጎንበስ ብላ በጣቷ አሳየቻት። ጀነት መዳፏን እዚያ ላይ አሳረፈች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

«እስቲ እጠፊው» አለቻት። «እንዳልረሳው ልየው።»

ሀሚዳ ጥርሷን ነክሳ እግሯን በልጇ መዳፍ ውስጥ አጠፈችው፤ ቀስ ብላ ዘረጋችው፤ እንደገና አጠፈችው።